በሩን ክፍት ያቆዩልን ወይዘሮ መሰለች መገርሳ (1951–2018 ዓ.ም.)

ወይዘሮ መሰለች መገርሳ ከአባታቸው ከአቶ መገርሳ ጉዲና እና ከእናታቸው ከወይዘሮ የሺሐረግ ወልዴ፣ ኅዳር 12 ቀን 1951 ዓ.ም. አቃቂ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ተወለዱ። አባታቸው የባቡር ሐዲድ ሠራተኛ ነበሩ። ከስድስቱ ልጆች ወይዘሮ መሰለች ሁለተኛዋ ሲሆኑ፣ ይህን የሚጽፈው ብሩህ የመጨረሻው ነው። ፊደል ያስቆጠሩት፣ ሲያጠፋም ጆሮውን የቆነጠጡት እሳቸው ስለሆኑ፣ ጽሑፉ ወደ እህቱ ቢያደላ አትፍረዱበት።

ትምህርታቸውን እዚያው አቃቂ ተከታትለው በ1969 ዓ.ም. አሥራ ሁለተኛ ክፍልን አጠናቀቁ። በ1971 ዓ.ም. ቃሊቲ በሚገኝ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በፈትል ክፍል ተቀጠሩ። በ1975 ዓ.ም. የከባድ መኪና ሾፌር ከነበሩት ከአቶ ካሳሁን ደምሴ ጋር ጋብቻ መሥርተው ዘአማኑኤልንና ልዕልትን ወልደዋል። አቶ ካሳሁን በ1998 ዓ.ም. በሞት ሲለዩዋቸው ሐዘናቸው ከባድ ነበር። ልጆቻቸውን ግን ለወግ ማዕረግ አብቅተዋል፤ ለዚህም ምስክር አያስፈልጋቸውም፣ ልጆቹ እዚሁ ቆመዋል።

የጥጥ ብናኝ ሳንባቸውን ስለጎዳው በ1984 ዓ.ም. ከማሽኑ ተነሥተው ወደ ሠራተኞች ንባብ ክፍል ተዛወሩ። ክፍሉ ከፋብሪካው በር አጠገብ ያለ ሲሆን፣ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት መጻሕፍት በአንድ የተቆለፈ ቁም ሣጥን ውስጥ ነበሩት። ከእሳቸው በፊት የነበሩት ኃላፊ መጽሐፍ የሚበላሸው ሲነካ ነው ብለው ያምኑ ስለነበር፣ መጻሕፍቱ አንድም ጭረት አልነበረባቸውም፤ አንድም አንባቢ አልነበራቸውም። እህታችን በመጀመሪያው ሳምንት የቁም ሣጥኑን በሮች በመፍቻ አስነቀሉ። በዓመቱ ደግሞ ክፍሉ ለሰፈሩ ሰው ሁሉ እንዲከፈት አስፈቀዱ።

"ምን ላንብብ?" ብሎ ለመጣ ሰው የመጽሐፍ ርዕስ አይነግሩም ነበር። "ሰሞኑን ምን አበሳጨህ?" ብለው ይጠይቁትና፣ መልሱን ሰምተው አንዱን መዘው ይሰጡታል። ከአማቱ ጋር ተጣልቶ የመጣ ሰው እየሳቀ የሚያነበውን ይዞ ወጥቷል። ደግሞም አንድ ሕግ ነበራቸው። መጽሐፍ የሚመልስ ሁሉ፣ ከመጽሐፉ ጀርባ በምትለጠፈው ወረቀት ላይ ለሚቀጥለው አንባቢ አንድ ዐረፍተ ነገር ሳይጽፍ ንቅንቅ አይልም። አንድ የሲኖትራክ ሾፌር "እስከ ገጽ አርባ ዳገት ነው፣ ታገሥ፤ ከዚያ በኋላ ፍሬን የለውም" ብሎ ጽፏል። ባለሱቁ ሀይረዲን ደግሞ "ሱቅ ውስጥ እንዳታነቡት፣ ደንበኛ ሲጣራ አይሰማም" አለ። ይህን የሚጽፈው ወንድማቸው አንድ ጊዜ "ጥሩ መጽሐፍ ነው" ብሎ ጽፎ ሊወጣ ሲል፣ "ጥሩ ነውማ ስለ ሽሮም ይባላል፤ ተመለስ" ብለው በሰው ፊት አስቀምጠውታል። ያኔ አርባ ሁለት ዓመቱ ነበር።

ፋብሪካው በ2002 ዓ.ም. ወደ ግል ሲዞር፣ አዲሱ ባለቤት አቶ ዚያድ ክፍሉን ለመጋዘን ፈለጉት። እህታችን ቢሯቸው ድረስ ሄደው አንባቢ አለኝ አሏቸው። አቶ ዚያድም፣ በአንድ ቀን አምሳ ሰው መጥቶ ካየሁ ክፍሉን አልነካም፣ ራሴ መጥቼ እቆጥራለሁ አሉ። የተቆረጠው ቀን ቅዳሜ ግንቦት 14 ነበር። ወይዘሮ መሰለችም የንባብ ቀን አዘጋጁ። ሰው የሚያስቀምጡበት ስላልነበራቸው፣ የዕድራችንን ሰብሳቢ አቶ አጥናፉን ለምነው የዕድሩን ድንኳንና አግዳሚ ወንበሮች በንባብ ክፍሉ በራፍ ላይ አስተከሉ።

የዕድር ድንኳን በማለዳ ተተክሎ ያየ የቃሊቲ ሰው ምን ሊያስብ ነው? ጥሩምባው ያልተነፋው ነፊው ታሞ ይሆናል ተባለ። ሰፈሩ ነጠላውን አዘቅዝቆ ግልብጥ ብሎ መጣ። ከሳሪስ አቦ ድረስ "ወይኔ መሰለች፣ ወይኔ የሰው መውደድ!" እያሉ ደረት እየደቁ የመጡ ነበሩ። ወይዘሮ በላይነሽ የምትባል ጎረቤታቸው፣ አንድ ድስት ሙሉ ንፍሮ ተሸክማ ድንኳኑ ውስጥ ስትገባ፣ ሟች የተባሉት ሴት ድምፅ ማጉያ ይዘው ቆመው አገኘቻቸው። "በቁምሽ ታስለቅሺናለሽ እንዴ!" ብላ ድስቱን ልትጥለው ምንም አልቀራት። እህታችን ግን፣ "ከመጣችሁ አይቀር ቁጭ በሉ፤ ያለቀሳችሁትንም አልረሳላችሁም" ብለው ማንበብ ጀመሩ። አቶ ዚያድ መቶ ሠላሳ ሰባት ድረስ ቆጥረው ተዉት። ሲወጡም አንድ መጽሐፍ ተውሰው ሄዱ፤ "እንግዲህ እርስዎ እስካሉ ድረስ ክፍሉ የእርስዎ ነው" አሉ። ዕድሩ እህታችንን ሁለት ሰዓት ሙሉ ወቅሷቸዋል። እሳቸው አስቤ ያደረግሁት አይደለም ብለው በአቦ ሲምሉ ኖረዋል፤ እኔ ወንድማቸው ግን እስከ ዛሬ እጠራጠራለሁ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ የንባብ ቀን ሲመጣ ንፍሮ የሚበላው በዚህ ምክንያት ነው። የንባብ ቤቱም ዛሬ ከሦስት ሺህ በላይ መጻሕፍት አሉት። ለእስረኛ ጥየቃ ተራ የሚጠብቁ እናቶች አረፍ የሚሉበት፣ ዘወትር ሐሙስ ማየት ለተሳናቸው የሚነበብበት ቤት ሆኗል። ኩራታችን ነው፤ አንደብቅም።

በ2017 ዓ.ም. ክረምት ሳንባቸው እየከፋ ሄዶ አልጋ ያዙ። ሞትን አልፈሩም። እንቅልፍ የነሳቸው "እርስዎ እስካሉ ድረስ" የሚለው ቃል ነበር፤ እኔ ከሄድኩ ቤቱም ይሄዳል ይሉ ነበር። ስለዚህ በነሐሴ ወር አቶ ዚያድን አስጠሩ። ሰውየው ሕመምተኛ ልጠይቅ ነው ብለው ብርቱካን ይዘው መጡ። እህታችን ኦክስጂን አፍንጫቸው ላይ እንዳለ፣ "ልጄ፣ አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ አንድ መጽሐፍ አልመለስክልኝም" አሏቸው። አቶ ዚያድ በድንጋጤ ሾፌራቸውን ልከው መጽሐፉን አስመጡ። "ሕጉን ታውቃለህ፣ ለሚቀጥለው አንባቢ ጻፍ" ተባሉ። እስክሪብቶ ተቀበሉ። ከዚያም በዚያች ወረቀት ላይ "ይህን ያነበበ ሁሉ ይወቅ፤ ክፍሉ መቼም ቢሆን መጋዘን አይሆንም" ብለው ጻፉና ፈረሙ። በማግስቱም ያንኑ ቃል በማኅተም አጽንተው በደብዳቤ ላኩ። እህታችን ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አስነብበው፣ ያን ቀን እንቅልፍ ወሰዳቸው።

ወይዘሮ መሰለች በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ዓርብ ጥር 15 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ67 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። የሁለት ልጆች እናት፣ የሶሊያና አያት፣ የአራት ወንድሞችና የአንዲት እህት መከታ ነበሩ። በሕመማቸው ጊዜ ላልተለዩን ሐኪሞች፣ ለዕድራችንና ለጎረቤቶቻችን ምስጋናችን ከልብ ነው። አምላካችን ደክመው የኖሩትን የእህታችንን ነፍስ በደጋጎቹ ማረፊያ ያሳርፍልን፤ ለእኛም ብርታቱን ይስጠን።

አንድ ነገር ሳልናገር አልወርድም። ላለፉት ሃያ ዓመታት ከእህታችን ጎን የሠራችው ዙለይኻ ዛሬ እዚህ የለችም፤ ለምን ቀረች ብላችሁ የታዘባችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እህታችን "ለእኔ ቀብር ብላችሁ ቤቱን እንዳትዘጉ፤ ቅዳሜ አንባቢ የሚበዛበት ቀን ነው" ብለው አስምለዋታል። ትናንት ማታ ልሂድና ልቅበራት ብላ ስታለቅስ፣ እኔም አብሬያት አልቅሼ፣ ቃልሽን ጠብቂ አልኳት። ዛሬ ጠዋት በሁለት ሰዓት በሩን ከፍታ ብቻዋን ተቀምጣለች። ከዚህ ስትመለሱ ጎራ ብላችሁ እግዜር ያጥናሽ በሏት፤ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ክፍት ነው።