ፓሊየቲቭ የሚሉት ቃል

ጥቅምት 6
ሰባተኛ ክፍልን ፈተንኩ። ግማሾቹ ወድቀዋል። አባባ ዛሬም ብየዳ ቤቱን አልከፈተም... "ወገቤን ነው" ይላል። ከሳ ልበል?

ጥቅምት 19
የአባባ የምርመራ ውጤት መጣ። ዶክተሯ ለብቻዬ ጠርታ "ከእንግዲህ የምንሰጠው ፓሊየቲቭ ሕክምና ነው" አለችኝ። ራሴን ነቀነቅኩ። የእንግሊዝኛ አስተማሪ ሆኜ አላውቀውም ማለት አሳፈረኝ። ስወጣ አባባ "ምን አለች?" አለኝ። "መድኃኒት ቀይራልሃለች" አልኩት።

ጥቅምት 20
መዝገበ ቃላት ገለጥኩ። ከላቲን ነው። ፓሊየም... ካባ። ከላይ የሚደረብ። ከዚያ "መሸፈን" ሆነ። በሽታውን አያድንም፤ ሕመሙን ይሸፍናል። ድሮ ጥፋት መሸፋፈንም በዚሁ ቃል ይባል ነበር አሉ። እንባዬ መጣ። እማዬ ጎትጉታ ነገሩን አወጣጣችኝ። "እንዳትነግሪው! ተስፋ ቆርጦ ይሞትብኛል።"

ጥቅምት 27
ቤታችን ቲያትር ቤት ሆኗል። እማዬ "ዛሬማ ፊትህ ወዝ አለው" ትለዋለች፤ ጓዳ ገብታ ታለቅሳለች። እሱም ይስቅላታል። ማን ማንን ነው የሚያታልለው?

ኅዳር 2
እማዬ ገበያ ሄዳ ሁለታችን ቀረን።
"አንቺ ልጅ፣ ያ ዶክተሯ ያለችው ቃል ምንድን ነው? በር ላይ ሆኜ ሰምቻለሁ።"
ዋሽቼ ልለፈው? አልቻልኩም። ስለ ካባው ነገርኩት። የሚሸፍነውንም፣ የማይነካውንም። እሱም፦
"ዝገት ላይ ቀለም መቀባት በይኛ! ብረቱ ግን አልዳነም።"
"አልዳነም፣ አባባ።"
እጄን ያዘኝ። "እንግዲያው ወንድሜን ጥሪልኝ።"
አጎቴን! ብየዳ ቤቱን አብረው ከፍተው፣ ተጣልተው ከተለያዩ ወዲህ ዓይን ለዓይን ተያይተው አያውቁም።

ኅዳር 3
እማዬ አኮረፈችኝ። "ገደልሽው" አለች። እውነቷን ይሆን?

ኅዳር 5
አጎቴ መጣ። ደጃፉ ላይ ቆሞ መግባት አቃተው። አባባ ከአልጋው ሆኖ፦
"ግባ እንጂ፣ ምን እንደ ምሰሶ ትገተራለህ! በሩን የበየድከው አንተ አይደለህ?"
ሳቁ። ከዚያ ሁለቱም አለቀሱ። እማዬ ቆማ አየቻቸው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ ጓዳ አልሄደችም፤ እዚያው ፊቱ አለቀሰች። አባባ በእጅጌው እንባዋን ጠረገላት... "ይህን ሁሉ ጊዜ ብቻሽን?" አላት።

ኅዳር 22
ትናንት ቀበርነው።

ታኅሣሥ 14
እማዬ ስለ አባባ ስታወራ እስካሁን "ነበር" ብላ አታውቅም። ይወዳል፣ ይጠላል፣ ይቆጣል ነው። እኛም አናርማትም። ዛሬ አጎቴ ምሳ ላይ ሾርባው ውስጥ ጨው ሲነሰንስ አየችው።
"እሱም እንዲህ ጨው ይወዳል" አለች። ማንኪያዋን አስቀመጠች።
"...ይወድ ነበር።"