ጠበቃቸው እንዶድ ነበር

ወንድሜ ሌንጂሳ፣

የባሌን የተሬፋን ደም ከሸሚዙ ላይ ያጠብኩት እኔ ነኝ። ይህን እስከ ትናንት ለማንም አልነገርኩም። ከሰላምታ በፊት ያስቀደምኩትም፣ ሰላምታ ከጀመርኩ እንደ ወትሮው ሸፋፍኜ እንዳላልፈው ፈርቼ ነው።

አሁንስ እንደምን ሰነበትክ? የካርቱም ሙቀት እንዴት ይዞሃል? ወገብህ ተሻለህ? አያንቱስ ደኅና ናት? ሞቲ ጥርስ አበቀለ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ። እናታችንም ጌዶ ደኅና ናት፤ ዓይኗ ቢደክምም ሹክሹክታ እንኳ አያመልጣትም።

ወንድምህ ተሬፋ ታስሮበት የነበረው የጦር ሰፈር ጠባቂዎች እስረኛ በመደብደብና በመግደል ተከሰው እዚህ አምቦ ችሎት ቀርበዋል። ከጎረቤቴ ከጌጤነሽ ጋር እየሄድኩ እሰማለሁ፤ የእሷም ባል እዚያው ነበር የታሰረው። አንዱ ወታደር ግምጃ ቤት ነበርኩ፣ እስረኛ አይቼ አላውቅም አለ። ሌላው ታዝዤ ነው አለ፤ ማን አዘዘህ ሲሉት፣ ያዘዘኝ ሞቷል አለ። ሰው ሳቀ። መከላከያቸው ይህ ከሆነ ብዬ ልቤ አርፎ ነበር።

ከዚያ የመቶ አለቃው ጠበቃ ተነሣ። «የእስረኞቹ ልብስ በየዓርቡ ለሚስቶቻቸው ይሰጥ ነበር። ደም ቢኖርበት ኖሮ አንዲት ሚስት እንኳ አትጮህም ነበር?» አለ። ጌጤነሽ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «ለካ ጠበቃቸው የኛ እንዶድ ኖሯል» አለችኝ።

ያን ጊዜ አንተ ልጅ ነበርክ። አንድ ዓርብ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ደሙ ደርቆ እንደ ቁርበት ሆኖ ወጣልኝ። የሰጠኝ ወታደር፣ ካወራሽ ሌላ ልብስ አይወጣልሽም አለኝ። ሴቶቹ እንዳያዩኝ በሁሉቃ ወንዝ ዝቅ ብዬ ወርጄ በእንዶድ አሸሁት። እናታችን ለስንቁ ጭኮ ይዛለት ከጌዶ መጥታ ነበርና የተሰጣውን ሸሚዝ ዳሰሰችው። ልጄን በንጽሕና ይዘውልኛል ብላ፣ እጆቿን ዘርግታ ጠባቂዎቹን መረቀች። እኔም አሜን አልኩ።

ብዙም ሳይቆይ ከእንግዲህ ስንቅ አታምጪ አሉኝ። ትርጉሙ ለማንም አይጠፋም ነበር። ተስቦ ነው የገደለው ብዬ ለእናታችንም ለአንተም የነገርኩት ውሸት ነው።

ትናንት ዓቃቤ ሕጉ ዘንድ ሄጄ እመሰክራለሁ አልኩት። ሸሚዙ አለሽ ወይ አለኝ። የለኝም፤ ያጠቡት እጆቼ ግን አሉ አልኩት። ይህን ሁሉ ዘመን ለምን ዝም አልሽ ብለው ጠበቆቹ ያዋርዱሻል አለኝ። ይጠይቁኝ። መፍራቴንም፣ አሜን ማለቴንም እናገራለሁ። እኔ ከቀረብኩ ጌጤነሽም ትቀርባለች፤ እሷ ካለች ሌሎቹም አይቀሩም። የተማመኑት በዝምታችን ነው፤ ከእንግዲህ እሱን አናውሳቸውም።

አንተ ብትቆጣኝ እውነት አለህ። ብቻ ፊደል የለመድኩት ለብቻዬ ነውና ስሕተቴን እያቃናህ እስከ መጨረሻው አንብበው። አያንቱን ጉንጯን ሳምልኝ። ሞቲንም አቅፈህ፣ አክስትህ ናፍቃሃለች በልልኝ።

ፖስታውን ገና አላሸግሁትም። ነገ ጌዶ ሄጄ በኦሮምኛ እየመለስኩ አነበዋለሁ። ችሎት ላይ ከመናገሬ በፊት ከራሴ አፍ መስማት የሚገባት አለች። እነዚህን ገጾች ከአንተ ቀድማ የምትቀበለው ጠባቂዎቹን የመረቀችው እናታችን፣ አዴ ጉዴ ናት።

እኅትህ አስካለች
አምቦ፣ ኅዳር ፲፩ ቀን ፲፱፻፺ ዓ.ም.