የተደፋው የፋሲካ ወይን

ታዴ፣ የኔ ጌታ፣

ከተለየኸን ይኸው ሙት ዓመትህ ወጣ። ደህና ነኝ አልልህም፤ ለአንተ መዋሸት አልችልበትም። የብሬዴንጉ የኪራይ ቤታችን ኮንትራክት በእኔ ስም ዞሯል። ጫማዎችህን ለቤተ ክርስቲያን ሰጠሁ፤ ካፖርትህን ግን እጄ እምቢ አለኝ። ልጃችን መክሊት በቁመት አንተን አክላለች። በአማርኛ ሳወራት አሁንም በስዊድንኛ ነው የምትመልስልኝ፤ ስለ አንተ ሳነሳባት ግን በሁለቱም ዝም ትላለች።

ዛሬ የምጽፍልህ ስለ ወይንህ ነው። ሶልና ከተማ ምግብ ቤት ስትሠራ የለመድከው፣ በእንጨት በርሜል የቆየው የፈረንሳይ ቀይ ወይን። ፋሲካ በመጣ ቁጥር እኛን ማስተማር አይሰለችህም ነበር። ከዶሮ ወጥ ጋር አይሆንም፣ በርበሬው መራራ ያደርገዋል ትላለህ። የሚስማማው ስብ ያለው የበግ ጥብስ ነው፤ የጥብስ ቅጠል የበዛበት፣ ሚጥሚጣ ያልነካው። እኔ ደግሞ ሚጥሚጣ የሌለው ጥብስ የበሽተኛ ምግብ ነው እያልኩ አበሽቅህ ነበር። ምላሴን በቆረጠው።

ጠርሙሱን አጋድመህ ታቆየዋለህ፤ ከመክፈትህ በፊት ግን አተላው እንዲረጋ አቁመህ ታሳድረዋለህ። አተላው የዕድሜው ምልክት ነው ትለን ነበር።

አምና ፋሲካን ፍሌሚንግስቤሪ ሆስፒታል ተኝተህ ዋልክ። በጉን ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጪልኝ፣ ስወጣ ከወይኑ ጋር እንበላዋለን አልከኝ። አልወጣህም።

ለቅሶው ላይ የላይኛው ፎቅ ጎረቤታችን እትዬ አልጋነሽ ለሽማግሌዎቹ የሚቀዳ ሲፈልጉ ወይንህን አገኙት። ከፍተው ሲቀዱ አተላ አዩበት። ይሄማ ተበላሽቷል፣ ሰው ፊት አይቀርብም ብለው ሙሉውን እቃ ማጠቢያው ውስጥ ደፉት። ጠርሙሱንም በሳሙና አጥበው አስቀመጡልኝ። ለእኔ ብለው ነው፣ አውቃለሁ። እስከ ዛሬ ግን ሊፍት ውስጥ ስንገናኝ ፊታቸውን ማየት ያቅተኛል።

ሰው ሁሉ ሲወጣ፣ ማጠቢያው ጥግ ላይ የቀረችውን ቀይ ጠብታ በጣቴ ነክቼ ቀመስኩ። ሳሙና ሳሙና አለኝ። ስንቀብርህ ያልመጣልኝ እንባ ያኔ መጣ።

ዘንድሮ ለፋሲካ በጉን አወጣሁት። የጥብስ ቅጠሉን ጨምሬ፣ ሚጥሚጣውን ትቼ ጠበስኩት። ዓመት ሙሉ በረዶ ውስጥ የከረመ ሥጋ ምን ጣዕም ይኖረዋል። መክሊት ያንኑ ዓይነት ወይን ገዝታ መጣች፤ ገና አዲስ ነው፣ ታቹ ጥርት ያለ። ልክፈተው ስትል ከለከልኳት። ሁለታችንም አንገታችንን ደፍተን በውሃ በላን።

አዲሱን ጠርሙስ አንተ እንደምታደርገው አጋድሜ፣ በካፖርትህ ጠቅልዬ ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። አተላ እስኪያወጣ ብዙ ዓመት ይፈጃል መሰለኝ። እኔ ባልደርስ ብዬ ለመክሊት ነገርኳት። ታቹ ጠቁሮ ብታዪው እንዳትደፊው፣ አባትሽ የሚወደው እንደዚያ ሆኖ ነው አልኳት። አልደፋውም እማዬ አለችኝ፣ በአማርኛ።

እኔ ደግሞ በዚያ በሳሙናው ጣዕም እንዳላስታውስህ እየታገልኩ ነው። በሕይወት እስካለሁ ድረስ፣ በየፋሲካው ሚጥሚጣ የሌለው ጥብስ እሠራልሃለሁ።

ባለቤትህ፣
አስቴር