የተጣፈው ስፒከር

ረቡዕ፣ ግንቦት 7

ሱሪዬን ሰፍታብኛለች! የጉልበቱን ቀዳዳ... በምላጭ ደክሜ፣ አሳምሬ የቀደድኩትን። ልብስ ሰፊ እናት ያለችው ሰው ፓንክ ሮክ የሚሉትን የጩኸት ሙዚቃ እጫወታለሁ ማለት አልነበረበትም።

«እማዬ፣ ሆን ብዬ እኮ ነው የቀደድኩት።»

«ሆን ብሎ የሚቀድድ እብድ ነው። እኔ ደግሞ እብድ አልወለድኩም።» የስፌት መኪናዋን መርገጥ ቀጠለች።

ሳቄ መጣ። ምን ይባላል? ቀዳዳ አይታ ማለፍ አትችልም። የማታውቀውን ሰው እንኳ መንገድ ላይ አስቁማ የኮቱን ክር ትቆርጥለታለች።

ከሰዓት በኋላ ልምምድ ነበረን። ከሱቋ ጀርባ ባለችው የጨርቅ ማስቀመጫ ክፍል። ሦስት ነን፤ እኔ ጊታርና ጩኸት (ዘፈን ብል ውሸት ነው)፣ ቀጮ የምንለው የዳቦ ቤቱ ልጅ ቤዝ ጊታር፣ መዶሻ የምንለው ደግሞ ከበሮ። መዶሻ ብረት በያጅ ነው፣ ከበሮውንም እንደ ብረት ነው የሚቀጠቅጠው። መምቻዎቹ በፕላስተር ተጠቅልለዋል። ትልቁ ከበሮ ሆድ ውስጥ የእማዬ አሮጌ ብርድ ልብስ አለ፣ እንዳያስተጋባ። የጊታሬ ማንገቻ የመኪና ቀበቶ ነው፤ እሱንም የሰፋችው እሷ ነች። ዕቃችን ሲታይ አሮጌ ዕቃ ገዢ ጋሪው የተገለበጠበት ይመስላል።

ግን አምፕሊፋየራችን፣ የጊታሬን ድምፅ የሚያጎላው ሣጥን! መዶሻ ደረጃ ላይ ከጣለው ጀምሮ ውስጡ ያለው የስፒከሩ ወረቀት ተቀዷል። ከዚያ ወዲህ ጊታሬ አይዘፍንም፣ ያጓራል። የሰፈራችን ሙዚቃ አዳራሽ ኃላፊ የጠራችን ለዚሁ ድምፅ ነው። «ቅዳሜ አሥራ ሰባት፤ ያቺን የሻከረች ጉሮሮ ይዛችሁ ኑ» ነው ያለችን። የመጀመሪያ መድረካችን...

እሑድ፣ ግንቦት 11

እማዬ ቅዳሜ እመጣለሁ አለች። እሷ! በልምምድ ሰዓት ጆሮዋ ውስጥ ጥጥ የምትወትፈው።

«ልጄ ሰው ፊት ስትቆም እኔ ላልገኝ ነው?»

ደስ አለኝ። ፈራሁም።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 13

ጉድ ፈላ።

ገባን፣ ሰካሁ፣ መታሁ... ጊታሬ እንደ ጨዋ ልጅ ዘፈነ። ጥርት ብሎ። ገመዱ ነው? አይደለም። ቀጮ የአምፕሊፋየሩን ፊት ፈታው። የተቀደደው ላይ ስስ ጥቁር ጨርቅ ተጥፏል። በሙጫ፣ የትም ሳይሸበሸብ። የማን እጅ እንደሆነ መጠየቅ አያስፈልግም።

መዶሻ መሬት ላይ ቁጭ አለ። «ስፒከሩ ዳነ፣ እኛ ሞትን።»

ይሄኔ በሩን ከፍታ ብቅ አለች። ፊቷ በርቷል። «አያችሁት? ተቀዶ ሲንጣጣ እሰማዋለሁ እኮ። ሰው ፊት እንዳያዋርድሽ ብዬ ነው።»

ምን ልበላት? «እጅሽ ይባረክ» አልኩ። ከልቤ ነበር ደግሞ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 14

ቀጮ ከአንድ የሠርግ ባንድ ፔዳል ተውሶ መጣ፤ በእግር ሲረግጡት ድምፅ የሚያሻክር። ሞከርነው። ጠርሙስ ውስጥ የገባ ትንኝ! ከእጅ አይሻል ዶማ።

መዶሻ ካቻቢቴ አነሳ። «አንድ ጊዜ ልውጋውና እንገላገል።»

ስፒከሩ ፊት ቆምኩበት። «የእናቴን ሥራ በካቻቢቴ አትወጋም!»

«እሺ ንገሪያት።»

«ልትሰማን እኮ ነው የምትመጣው...»

«ይሄ እኛ ነን?»

ብነግራት ትቀየመኛለች። ባልነግራት ደግሞ ቅዳሜ የምትሰማው እኔን አይደለም። ስንት ጊዜ ነው እንዲህ ብላ የምትመጣልኝ?

ሐሙስ፣ ግንቦት 15

ነገርኳት። የሸሚዝ ቁልፍ እየተከለች ነበር።

«እማዬ... ስፒከሩን ተቀዶ ነው የምንፈልገው።»

ቀና አላለችም። «አበላሸሁት በይኛ።»

«አይደለም፣ አሳመርሽው። እኛ ግን...»

አላስጨረሰችኝም። «ሰው የሚጣፍለት አጥቶ ያለቅሳል፣ እናንተ ቀዳዳ አጥታችሁ ታለቅሳላችሁ!»

ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። ራቴን አቅርባ ወደ ስፌቷ ተመለሰች። ባልነግራት ይሻል ነበር?

ዓርብ፣ ግንቦት 16

ጠዋት ለቁርስ ሳትጠራኝ ሱቅ ገባች። ሱቅ ውስጥ ከደንበኞቿ ጋር ስትስቅ ግን ይሰማኛል። ኩርፊያዋ እኔ ላይ ነው እንግዲህ።

ከሰዓት በኋላ ልምምድ መሀል በሩ ተከፈተ። ሜትሯ አንገቷ ላይ፣ መነጽሯ አፍንጫዋ ጫፍ ላይ፣ ምላጭ በእጇ። ጆሮዋ ውስጥ ጥጥ የለም።

«ክፈቱልኝ።»

ቀጮ ተሯሩጦ ፈታላት። ተንበረከከች። የጣፈችውን በጣቷ ዳሰስ አደረገችው... አሳዘነችኝ። ከዚያ ከጫፉ ትንሽ ቀደደች።

«ምቺው እስቲ።»

መታሁ።

«እ? ጠበበ?»

«ጠብቧል።»

ጨመር አደረገች። «አሁንስ?»

«ትንሽ... ትንሽ ይስፋ።»

እንደ ቀሚስ እየለካችልኝ እኮ ነው! መዶሻ «በዚህ በኩልም...» ሊል ሲጀምር፣ «አንተ አርፈህ ተቀመጥ፣ የጣልከው አንተ ነህ» አለችው። እንደገና ነካ አደረገችው። መታሁ። አጓራ! ከበፊቱም የባሰ። ሦስታችንም ጮኽን።

እሷ መነጽሯን አወለቀች። «አሁን ልክሽ ነው።»

ጊታሬን እንዳነገትኩ አቀፍኳት። «ተቀይመሽኛል ብዬ...»

«ተቀይሜ ነበር እንጂ! ሌሊቱን ሳስበው ግን... ልብስ በለባሹ ልክ ነው የሚሰፋው፣ በሰፊው ልክ አይደለም።» እንባዬ ሲመጣ አይታ፣ «ሂጂ፣ ጊታርሽ ጎኔን ወጋኝ» አለች።

እሑድ፣ ግንቦት 18

ትናንት... ከየት ልጀምር? ሁለት የጊታር ክር ተበጠሰብኝ። የቀጮ ገመድ ዘፈን መሀል ተነቀለ፣ የመዶሻ መምቻ ተሰብሮ ግማሹ ሰው ላይ በረረ። አዳራሹ ግን ዘለለ! ኃላፊዋ በሚቀጥለው ወርም ኑ ብላናለች።

እማዬ ከፊት ቆማ ነበር። ቦርሳዋን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ይዛ። ስንጨርስ አንዱ መጥቶ «ይሄን ድምፅ በምን ፔዳል ነው የምታወጪው?» አለኝ። አፌን ሳልከፍት፣ «ምን ፔዳል አለው፣ እኔ ነኝ የቀደድኩላት» አለችው። እንደዚያ ኮርታ አይቻት አላውቅም።

ዛሬ ስነሳ ሱሪዬ ወንበሩ ላይ ታጥፎ ተቀምጧል። የጉልበቱ ስፌት ተተርትሯል። ቀዳዳው ክፍት ነው፣ እኔ እንደቀደድኩት። ጠርዙ ብቻ ዙሪያውን በጥቁር ክር ተዘምዝሟል፣ ከዚህ በላይ እንዳይቀደድ።