አንድ ቦይለር፣ ሦስት ድርጅት

ሐሙስ፣ ሐምሌ 9 ቀን

ለበኩር ልጄ፣ ለቤቴ ምሰሶ፤

እንዴት ነህ የኔ አባት? የሰው አገር ብርድ ያመጣብህ ሳል ለቀቀህ? እኔ ጉልበቴን ካልቆጠርነው ደህና ነኝ። እህትህ ፈተናዋን አልፋለች፤ ቃል የገባህላትን ጫማ በየቀኑ ታነሳብኛለችና አስብበት።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ሃያ ስድስት ዓመት ሒሳቡን የያዝኩለት ሳሙና ፋብሪካ ሞተ ልበልህ ወይስ ወለደ? ከሁለት ወር በፊት አናጢዎች መጥተው ቢሯችንን በቺፑድ ሦስት ቦታ ከፈሉት። ሦስት በር፣ ሦስት ታፔላ። አንዱ ሳሙና አብሳይ፣ አንዱ ቆራጭ፣ አንዱ አሻጊ ድርጅት ሆነ። እንፋሎት የሚሰጠው ቦይለር አንድ፣ ዘበኛው አንድ፣ ሽንት ቤቱም አንድ። ፀሐፊዋ ሦስት ማኅተም ታቅፋ መሃል ተቀምጣለች፤ ስልክ ሲደወል «ሄሎ፣ የትኛውን ድርጅት ፈልገው ነው?» ትላለች። የመጀመሪያ ቀን ሳቅኩ። በማግስቱ ግን አስጠላኝ፤ እስከ ዛሬም አልለቀቀኝም።

እህትህ «ምን አስጠላሽ?» ብትለኝ እንዲህ ብዬ አስረዳኋት። ትልልቅ ድርጅቶች ሙሉውን የሒሳብ ደረጃ ይከተላሉ። እንደኛ ያለው መካከለኛ አጠር ያለ ደረጃ አለው፤ ቢሆንም ኦዲተር ይገባበታል፣ ሠራተኛው ሲሰናበት የሚገባውን የአገልግሎት ክፍያም ከዛሬው ዕዳዬ ብሎ ይጽፋል። ጥቃቅን የሚባለው ግን የገባና የወጣ ጥሬ ገንዘብ ከመዘገበ ይበቃዋል። ልብስ ሰፊውና ጫማ ጠጋኙ እንዳይጨነቁ ታስቦ የተሠራ ደግ ደንብ ነው። በዚያች ጠባብ በር ነው የፋብሪካው ባለቤት፣ የኛ ሰውዬ፣ ከነቦይለሩ አጎንብሶ የገባው። ሽያጩ ለሦስት ሲካፈል ሦስቱም ጥቃቅን ሆኑ፤ የአርባ አንድ ሠራተኛ መብት ከመዝገብ ጠፋ።

ቦይለር የሚያነደውን ሰው ታስታውሰዋለህ፤ ከትምህርት ቤት ዝናብ መትቶህ ስትመጣ ልብስህን የሚያደርቅልህን። ባለፈው ሳምንት መጥቶ ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆመ።

«እትዬ፣ እኔ ከሦስቱ የየትኛው ነኝ?»

ፋይሉን አወጣሁ። አዲስ የቅጥር ደብዳቤ አለው፤ የተቀጠረው ባለፈው ወር ነው ይላል። ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራ ሰው!

«ባለፈው ወር?» አለና ሳሙና በሚበስልበት ኮስቲክ ሶዳ የተላጡ እጆቹን ዘረጋልኝ። «እና ይሄን እጄን ማን በላው?»

አፍሬ ፋይሉን ዘጋሁት።

በዚያው ንዴት ባለቤቱ ዘንድ ገባሁ። «ሦስቱ ድርጅቶች እኮ አይተዋወቁም» አለኝ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! «እርስዎ ደግሞ ለሦስቱም ይፈርሙልኛል።»

«በሦስት እስክሪብቶ?» አልኩት።

«አይቀልዱ። ውጭ አገር ያለ ትልቅ ባለሙያ ያጠናው ነው» ብሎ ጥናቱን ወረወረልኝ። ቆንጆ ወረቀት፣ ቆንጆ ጥራዝ። ቆሜ እስከ መጨረሻው ገለበጥኩት። መጨረሻው ገጽ ላይ፣ ከፊርማው በላይ፣ ያንተ ስም አለ።

ልጅ የሚጠራው በአባቱ ስም ስለሆነ ሰውዬው እናትህ መሆኔን አላወቀም። እኔም አልነገርኩትም። አፈርኩብህ።

አላወቅሁም አትበለኝ፤ የፋብሪካው ስም በየገጹ አናት ላይ ተጽፏል። «የሠራተኞች አገልግሎት ከአዲሱ የቅጥር ቀን ይቆጠራል» የሚለውን አንተ ነህ የጻፍከው። ከአርባ አንዱ አንዷ እኔ ነኝ፤ ምናልባት እናቴን እኔ እጦራታለሁ ብለህ ይሆናል። እነዚያን አርባዎቹንስ ማን ይጡራቸው? ልጄ፣ አስጠላኸኝ። ይህን ቃል ላንተ እጽፋለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። ሌብነት ቢሆን እኮ አንድ ነገር ነው፤ ሌባ እንኳ በጨለማ ይመጣል። አንተ ግን ለድሃ የተሠራውን ደንብ አንቀጽ እየጠቀስክ፣ ኅዳግ እያስተካከልክ ነው ለሀብታም ያስረከብከው። በዚያ ላይ «ከአክብሮት ጋር» ብለህ ዘግተሃል።

አልፈረምኩም። የሒሳብ ሥራን ለሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት የሚላክ ማመልከቻ ጻፍኩ፤ ጥናቱን አባሪ አደረግኩ። የመጨረሻውን ገጽ ላስቀረው መቀስ አንስቼ ነበር፤ አልደብቅህም። ያለዚያ ገጽ ግን ጥናቱ የማንም ያልሆነ ወረቀት ነው፤ ማንም አይጠየቅበትም። ስለዚህ ሙሉውን አሸግኩት። የሒሳብ ባለሙያነት ፈቃድህን ሊነጥቁህ እንደሚችሉ አውቃለሁ፤ ደንቡን አንብቤዋለሁ።

አምላክ ከክፉ ይጠብቅህ ብዬ ልመርቅህ ፈለግኩ፤ በዚህ ነገር ግን ክፉው አንተው ሆንክብኝ። ስለዚህ ልቦና ይስጥህ። ጤናህን አይንሳህ። እንጀራህ ከሰው እንባ የጸዳ ይሁን። ምንም ብትሆን ክፍልህ እንዳለ ነው፤ አልጋህ ላይ ማንም አልተኛበትም።

ማመልከቻው ማክሰኞ ጠዋት ሄዷል። ላንተ እስከ ዛሬ ሳልጽፍ የቆየሁት ረስቼህ አይደለም። ቀድመህ ሰምተህ «እማ፣ ተይልኝ» ብትለኝ ኖሮ እተወው ነበር።

እናትህ