ኚማ ጃርጁ በችሎት ፊት የሰደበችኝ ቀን

ከጀልባ ወደቡ ሰፈር፣ ጋምቢያ
ሐሙስ፣ ኖቬምበር 12 ቀን 1987

ለምወድሽ የእህቴ ልጅ ለሱካይ፣
አክራ

እንደምን ከርመሻል፣ አንቺ ጉረኛ? እኛ ሁላችን ደህና ነን። ጉልበቴ ዝናቡ ካባራ ወዲህ ተሽሎታል። እናትሽም ደህና ናት፤ ድምጿ እንደ ድሮው ከወንዙ ማዶ ይሰማል። የላክሽልን ፎቶግራፍ ደርሶናል። የሕግ ተማሪ ሆንሽ ሲሉኝ ከንባብ ብዛት የከሳሽ መስሎኝ ሳዝንልሽ ነበር። ጉንጭሽን ካየሁ በኋላ ግን ሐዘኔን መልሼ ወስጃለሁ።

እናትሽ «ወንድሜ ሊታሰር ነበር» ብላ እንደጻፈችልሽ ሰምቻለሁ። እሷ ወሬ ስታወራ ትንሿን ዓሣ ዓሣ ነባሪ እንደምታደርጋት ታውቂያለሽ። ሊታሰር የነበረው እኔ አይደለሁም፤ ኚማ ጃርጁ ናት። እኔማ ምስክር ነበርኩ፣ ያውም ነጩን ጀለቢያዬን ለብሼ። ነገሩን ከባለቤቱ አፍ ስሚው። ለትምህርትሽም ሳይጠቅም አይቀርም፤ ጣጣው ሁሉ የመጣው ንቀትም ችሎት መድፈርም ማለት በሆነ «ኮንቴምፕት» በሚባል የእንግሊዝኛ ቃል ነው።

መዝገበ ቃላቴን ታውቂዋለሽ፤ ከመርከብ ወጥ ሠሪው ላይ በደረቀ ዓሣ የለወጥኩትን። «ኤ» ሙሉ በሙሉ፣ «ቢ» ደግሞ እኩሌታው ተገንጥሎበታል። ስለዚህ በእንግሊዝኛ ፖም ምን እንደሚባል አላውቅም። ንቀት ምን እንደሚባል ግን አሳምሬ አውቃለሁ። «ሰውን ከምንም አለመቁጠር» ይላል መጽሐፉ። ከሥሩም፣ አንድ ጌታ ሎሌውን በኮንቴምፕት አየው የሚል ምሳሌ አስቀምጧል። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ይከነክነኛል፤ ከምንም ካልቆጠረው፣ ምን ቆርጦት አየው?

ወደ ነገሬ ልመለስ። ሲላ የሚባለው ነጋዴ፣ የበረዶ መጋዘኑ ባለቤት፣ መጋዘኑን ለማስፋት ሲል ኚማ ኦይስተር የሚባለውን የባሕር ዛጎል ሥጋ የምታጨስበትን ቦታ ፈለገው። «ቦታው የኔ ነው» ብሎ ከሰሳት። ቦታው ከእሷ በፊት የእናቷ እንደነበር የሚመሰክር ሰው ሲፈለግ ከኔ የተሻለ አልተገኘም። ጀልባ የምሠራበት ዳስ ከጭሷ አጠገብ ነው፤ እሷ ኦይስተሩን ስታጨስ እኔም አብሬ የምጨስ ሰው ነኝ።

ዳኛው ከናይጄሪያ አዲስ የመጡ ናቸው። በዚህ ሁሉ ሙቀት ጥቁር ካባቸውን የማያወልቁ፣ ጨዋ፣ ዝምተኛ ሰው። ስሜ ተጠርቶ ወደ ምስክር መቆሚያው ስራመድ ኚማ ከተቀመጠችበት ብድግ አለችና፣

«ይሄን ሆዳም ሴሬር ደግሞ ማን ጠራው? ክቡር ዳኛ፣ ከመማሉ በፊት ኪሱን ይፈትሹልኝ። የምሳዬ ዓሣ ጠፍቷል!» አለች።

እኔም ዝም ልላት አልችልም። «ክቡር ዳኛ፣ የዚችን ጆላ አያት የኔ አያት በአንድ ቁና ሩዝ ገዝቷት ነበር። ሩዙንም መልሳ ራሷ በላችው» አልኩ።

ችሎቱ በሳቅ ፈረሰ። ፖሊሱ ሳይቀር ቆቡን አፉ ላይ ደፍቶ ይንፈቀፈቃል። ዳኛው ግን አስተርጓሚው የተባባልነውን ሲነግራቸው አልሳቁም። ጠረጴዛውን መቱና «ኮንቴምፕት!» አሉ። ከዚያም በዝግታ፣ «ምስክር የችሎቱ እንግዳ ነው። እንግዳዬን የሰደበ እኔን ሰደበ። ሴትዮዋ ምስክሩን ይቅርታ ትጠይቅ፤ አለዚያ ወደ እስር ቤት ትሄዳለች» አሉ።

አስተርጓሚው በጆላ ቋንቋ ነገራት። ኚማ ከእግሩ እስከ ራሱ አየችው።

«ሴሬርን? ይቅርታ? እስር ቤቱ በየት በኩል ነው?»

ሻሿን ጠበቅ አድርጋ ወደ በሩ መራመድ ጀመረች። ሰው ይስቃል፤ እኔ ግን ወደ ደጁ አየሁ። ሲላ ቆርቆሮውንና ምስማሩን ከደጅ ጋሪ ላይ ጭኖ ነበር የመጣው። እሷ ከታሰረች፣ በማግስቱ የእናቷ ቦታ ላይ ግድግዳ እንደሚቆም ሁላችንም አውቀናል።

የችሎቱ ጸሐፊ ወደ ዳኛው ጎንበስ ብሎ፣ «ክቡር ሆይ፣ እሷ ከጆላ ጎሳ ናት፣ እሱ ከሴሬር ጎሳ ነው። ከጥንት የአንድ ቤት ልጆች ነን ስለሚሉ ሲገናኙ ይሰዳደባሉ። በሠርግም በለቅሶም ነው። የሚቀየም ከተገኘ እሱ ነው የሚወቀሰው» ብሎ አስረዳቸው።

ዳኛው አሰቡ። «ከውጭ የሰማሁትን ልማድ ይዤ አልፈርድም። የተሰደበው ሰውዬ ራሱ ይንገረኝ» አሉና ወደኔ ዞሩ። «አቶ ንዱሬ፣ ይህች ሴት ትንቅዎታለች?»

ወጥመዱ ይታይሽ፣ ሱካይ። አዎ ብል ትታሰራለች። አትንቀኝም ካልኩ ደግሞ ምክንያቱን መናገር ሊኖርብኝ ነው፤ ስለ አንዲት ጆላ፣ በዳኛ ፊት፣ አገር ምድሩ እየሰማ፣ ደግ ነገር! ከአባቶቼ አንድም ሰው ያላደረገውን!

ላመልጥ ሞከርኩ። «ክቡር ዳኛ፣ ለመናቅ እኮ ማሰብ ያስፈልጋል። እሷ ደግሞ...»

«እርስዎንም ልጨምርዎ?» አሉኝ።

በዚህ መሃል ኚማ በሩ ጋ ደርሳ ሰፌዷንና የቤቷን ቁልፍ ለጎረቤቷ ስታቀብል አየኋት። ቀልዱ እዚያ ላይ አለቀ።

አንድ ብልሃት መጣልኝ። ኚማ እንግሊዝኛ አትሰማም። ስለዚህ ጉሮሮዬን ጠረግ አደረግኩና በእንግሊዝኛ ቀጠልኩ።

«ክቡር ዳኛ፣ መጽሐፉ ኮንቴምፕት ማለት ሰውን ከምንም አለመቁጠር ነው ይላል። ይህች ሴት ትቆጥረኛለች። ሸሚዜ ቁልፍ ሲጎድለው ከሁሉ በፊት የምታየው እሷ ናት። ባለቤቴ ሮሄይ ያረፈች ጊዜ ሰው ሁሉ ቤቴ መጥቶ በሹክሹክታ ሲያወራ፣ እሷ በሩን በርግዳ ገባችና ‹ይሄ ሰነፍ ሰበብ አግኝቶ ተኛ! ተነሥና ብላ!› ብላ ጮኸችብኝ። ተነሥቼ በላሁ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ከአልጋዬ የሚያስነሣኝ ዛሬ ምን ትለኝ ይሆን የሚል ጉጉት ነው። የሚንቀኝ ሰው ይፈለግ ከተባለ፣ አቶ ሲላ እዚያ ተቀምጠዋል። ስንት ዘመን በዳሴ ሥር ሲያልፉ አንድ ቀን እንኳ ሰድበውኝ አያውቁም።»

ደስ ብሎኝ ጀለቢያዬን አስተካከልኩ። ለካ አስተርጓሚውን ረስቼዋለሁ! ያ ከይሲ ተነሥቶ ያልኩትን በሙሉ ቃል በቃል፣ መጀመሪያ በጆላ፣ ቀጥሎ ደግሞ ማንም እንዳይቀርበት ብሎ ሁሉም በሚሰማው በወሎፍ ቋንቋ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ተናገረው። ስለ ሸሚዜ ቁልፍ ሲደርስ ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር። ሳቅ የሚባል ጠፋ። አንዲት ሴት ከኋላ ስትንሰቀሰቅ ሰማሁ። እናትሽ ናት።

ዳኛው መነጽራቸውን አውልቀው በካባቸው ጫፍ ጠረጉ። «ሴትዮዋ ወደ ቦታዋ ትመለስ» አሉ። ከዚያ ምስክርነቴን ሰጠሁ፤ ሌሎችም ሰጡ። ቦታው ለኚማ ተፈረደላት። ሲላ ቆርቆሮውን እንደጫነ ተመለሰ።

እንግዲህ ሁሉም ነገር እዚህ ላይ ማለቅ ነበረበት። በማግስቱ ጠዋት ኚማ ጎድጓዳ ሳህኗን ተሸክማ በዳሴ አጠገብ መጣች። ስድቧን ለመቀበል ተዘጋጅቼ ቆምኩ።

«እንደምን አደሩ፣ አቶ ንዱሬ» አለችና አለፈች።

አደሩ! እኔን፣ ሱካይ! ይህን ሁሉ ዘመን የምትጠራኝ አንተ እያለች ነበር፤ አንተ ስትልም ከኋላው ስድብ ቀጥላበት ነው። ሳምንቱን ሙሉ እንደዚያው ሆነ፤ እንደምን አደሩ፣ እንደምን ዋሉ። አንድ ቀን ልተንኩሳት ብዬ፣ «አንቺ ሩዝ ፈጂ፣ ጭስሽ እኮ ጀልባዬን አጠቆረው!» አልኳት።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ አዞረዋለሁ» አለች። እውነትም አዞረችው። ምድጃዋን አንሥታ በዳሱ በዚያኛው በኩል ተከለችው። ንጹሕ አየር ሲመጣብኝ ምሳዬን መብላት አቃተኝ። እናትሽ ወባ ነው ብላ የሆነ መራራ ቅጠል አጠጣችኝ። ዳኛው ኮንቴምፕት የሚሉት ይሄ ከሆነ፣ አሁን ገባኝ፤ ሰው እስር ቤት ቢያስገቡበትም አልፈርድባቸውም።

ትናንት ከሰዓት በኋላ፣ ውኃው ሲሸሽ፣ ዳሴ ውስጥ ገብታ ቆመች። ግራ ቀኙን አየች። ሰው አልነበረም።

«ያን ነገር ማን አስጠናህ?» አለችኝ።

«አስጠናህ» ማለቷን ልብ በይ። እኔ ልብ ብያለሁ።

«የቱን ነገር?»

«በፈረንጅ አፍ የቀባጠርከውን።»

«ማንም አላስጠናኝም።»

«እንግዲያው እኔ በምሰማው ቋንቋ በለው። ያ አስተርጓሚ አባይ ነው፤ ከራሱ የሚጨምር ሰው ነው። ከራስህ አፍ ልስማው።»

መጥረቢያዬን አስቀመጥኩ። አፌን ከፈትኩ። በሦስት ቋንቋ ነገር የማላጣው ሰውዬ አንድ ቃል አጣሁ። በመጨረሻ የወጣኝ፣ «ጭሱን መልሺው» የሚል ብቻ ነበር። አፍሬ ደግሞ፣ «ጀልባው ጭስ ካላገኘ ነቀዝ ይበላዋል» ብዬ ጨመርኩበት።

ዓይኗ ወደ ሸሚዜ ወረደ።

«ፈሪ!» አለች። «በዳኛ ፊት አንበሳ፣ በሴት ፊት ጫጩት! ወይ ሴሬር! ደግሞ ያ ቁልፍ ዛሬም የለም፤ አንድ መርፌ አንሥቶ መስፋት ያልቻለ ሰው ነው ጀልባ ሠራሁ እያለ ሰው ባሕር ላይ የሚያሰምጠው!» እየጮኸች ወጣች። እስከ ወደቡ ድረስ ሰማኋት። ማታ እናትሽ የሠራችውን ዓሣ እኔ ጨረስኩት፤ ወባው ለቆኛል።

ነገ ከአርብ ጸሎት በኋላ ኢማሙና አጎትሽ ዋሊ ለሽምግልና የሚያዘውን የኮላ ፍሬ ይዘው ወደ ኚማ ወንድም ግቢ ይሄዳሉ። እናትሽ «ሽማግሌ የምትልከው ለምንድን ነው?» ብላ ስትጠይቀኝ የችሎቱን ነገር ለማብረድ ነው አልኳት። «ታዲያ አልጋህን ለምን ቀለም ቀባኸው?» ስትለኝ ግን መልስ አላገኘሁም። አንቺ ሕግ ስለምትማሪ አንድ ጥሩ መልስ ፈልጊልኝ።

ኚማም የሽማግሌውን ነገር ሰምታ ዛሬ ጠዋት መልእክት ልካብኛለች። ምሳ በልተው ይምጡ፣ የሴሬር ሆድ በአንድ ድስት ሩዝ አይሞላም ብላለች። ሁለት ድስት ልትጥድ መሆኑን ከጎረቤቷ ሰምቻለሁ።

አላህ በትምህርትሽ ይርዳሽ፤ ከክፉ ዓይንና ከሰነፍ መምህር ይሰውርሽ። ለሽበት ያብቃሽ፤ እስከዚያው ድረስ ግን ጠዋት ጠዋት በሙሉ ድምፁ የሚሰድብሽ ሰው ይስጥሽ። አሜን በይ።

አጎትሽ
ቢራም ንዱሬ