የአባባ ጺም

ኅዳር 3
ፀጉር ቤቴን ከፈትኩ። ወንበሩን ወለወልኩ፣ መቀሶቹን ደረደርኩ፣ ከዚያ ቁጭ። ቀኝ እጄ በመስታወት ስባሪ ከተቆረጠ ስድስት ወር ሆነው። ጅማቱም ነርቩም ተሰፍቷል። ጣቶቼ ይታጠፋሉ... ግን በድን ናቸው።

ማዶ ያለው ፀጉር ቆራጭ፣ "ፈጣኑ" የምንለው፣ ደንበኛ ተሰልፎለታል። በአምስት ደቂቃ አንድ ራስ። ጆሮ ከተረፈ ተመስገን ነው።

አባባ አልጋ እንደያዙ ናቸው። ጺማቸው ደረታቸው ሊደርስ ነው። ከእኔ ሌላ ሰው ምላጭ አያስጠጉም። ሃያ ዓመት ሙሉ፣ በየቅዳሜው፣ ላጭቼ ስጨርስ "ለሰለሰ?" ይላሉ። ጉንጫቸውን በጣቶቼ ዳብሼ "ለሰለሰ፣ አባባ" እላለሁ። ያንን ሳይሰሙ መስታወት አያዩም።

ኅዳር 9
ክሊኒክ። አዲስ ቴራፒስት መጥታለች። የበፊቱ "ይጨብጡ፣ ይፍቱ" ብቻ ነበር። እሷ ወረቀቷን አስቀምጣ፣
"በዚህ እጅ ምን ቢሠሩ ደስ ይልዎታል?" አለችኝ።
"አባቴን መላጨት።"
ሳትስቅ ጻፈችው። ሙያውን እንዴት እንደተማርኩ ጠየቀች። ፊኛ ነፍተን፣ አረፋ ቀብተን፣ እሱን ስንላጭ ነው አልኳት። በሚቀጥለው ፊኛ ይዛ ልትጠብቀኝ... በዚህ ዕድሜዬ!

ኅዳር 16
አራት ፊኛ። አራቱም ፈነዱ።

ታኅሣሥ 7
አንድ ፊኛ ተረፈ! ለአባባ ነገርኳቸው። "ራስ ሳይጠና ጉተና" ብለው አሾፉብኝ። ግን ጺማቸውን ማሻሸት ጀመሩ። ተስፋ ማድረጋቸውን ሳይ ፈራሁ።

ታኅሣሥ 14
ፈተና። ዐይን ይጨፈናል፣ እሷ የጣቴን ጫፍ በቀጭን ክር ትነካለች፣ ሲሰማኝ እናገራለሁ።
"ፊኛ አያመውም፣ ሰው ግን ያመዋል" አለች። "ጣትዎ ካልተሰማው ምላጭ አልፈቅድልዎትም።"
በሽፋሽፍቴ ሥር አጮልቄ አየሁ። ነካሽ... ነካሽ... አሁን ደግሞ አውራ ጣቴን። ምንም አልተሰማኝም። እሷ በደስታ አጨበጨበች። ምስኪን። አፈርኩ፣ ግን የምላጩን ፈቃድ ይዤ ወጣሁ።

ታኅሣሥ 16፣ ቅዳሜ
አረፋው ቀላ። ዐይኔ ነው ያየው፣ እጄ አልነገረኝም።
"አባባ፣ ደማ እኮ!"
"አውቃለሁ። ቀጥል።"
አረፋውን በፎጣ ጠረግኩት። ሦስት ቦታ ቆርጫቸዋለሁ። ሦስት! ጥርሳቸውን ነክሰው ችለውኛል። መቀጠል አልቻልኩም። ግማሽ ፊታቸው ሳይላጭ ቀረ።

ታኅሣሥ 19
ለቴራፒስቷ እውነቱን ነገርኳት። ብትቆጣኝ በወደድኩ። አልተቆጣችም። እንደገና ፈተነችኝ፣ አሁን ዐይኔን በጨርቅ ሸፍና።
"ስሜቱ ይመለሳል?" አልኳት።
"ከዚህ በላይ ብዙ የሚጨምር አይመስለኝም" አለች። ወረቀቷን አንስታ ደግሞ፣ "አሁንስ ምን ቢሠሩ ደስ ይልዎታል?"
ምኞት ከሱቅ አይገዛ ነገር። ወረቀቷ ባዶውን ቀረ።

ታኅሣሥ 23፣ ቅዳሜ
አባባ ራሳቸው "ያንን የማዶውን ጥራው" አሉኝ። ሃያ ዓመት ከአፋቸው ያልወጣ ነገር።

ፈጣኑ መጣ። የዛሬን እንኳ አልፈጠነም። ቀስ ብሎ፣ ቆዳቸውን እየወጠረ፣ አሳምሮ ላጫቸው። ልቀየመው ፈለግሁ፣ አልቻልኩም። እኔ ፎጣ ይዤ ቆምኩ። ሥራዬ ይኼው ነው እንግዲህ... ፎጣ መያዝ።

ሲጨርስ መስታወት አቀረበላቸው። አልተቀበሉትም። ወደ እኔ ዞሩ።
"ለሰለሰ?"
"እሱን ይጠይቁት እንጂ፣ አባባ።"
"አንተን ነው የጠየቅሁት።"

ቀኝ እጄን ጉንጫቸው ላይ አሳረፍኩ። ዐይኔን ጨፈንኩ፣ ሳላጮልቅ። ከላይ ወደ ታች ዳበስኳቸው። ጣቶቼ ምንም አልነገሩኝም።

"ለሰለሰ፣ አባባ።"

ያኔ መስታወቱን ተቀበሉት።